የሜሪላንድን ሰፒና በቨርጂኒያ ማስፈጸም፦ ከስቴት ወደ ስቴት ስለሚሻገር የማስረጃ ትእዛዝ ዝርዝር መመሪያ

በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የፍቺ ክርክር ያላት አንዲት ሴት የባለቤቷን ገቢ ማስረዳት አለባት እንበል። ባለቤቷ የሚሠራበት ድርጅት ያለው ቨርጂኒያ ነው። ሮክቪል ከሚገኘው ፍርድ ቤት ድርጅቱ የደመወዝ መዝገቡን እንዲያቀርብ የሚያዝዝ ሰፒና አስወጥታ በሪኮማንዴ ፖስታ ትልካለች። ሳምንታት ካለፉ በኋላ የሚደርሳት መልስ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ የሜሪላንድ ፍርድ ቤት በዚህ ድርጅት ላይ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። መልሱ ንቀት ይመስላል፤ በሕግ ግን ትክክል ነው።

የአንድ ስቴት ፍርድ ቤት የክርክሩ ተካፋይ ያልሆነን ሰው ለምስክርነት የመጥራትም ሆነ ሰነድ እንዲያቀርብ የማስገደድ ሥልጣኑ በመሠረቱ በስቴቱ ወሰን ላይ ያበቃል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1902 ሚንደር በጆርጂያ ላይ ባቀረበው ጉዳይ የጆርጂያ ፍርድ ቤት ከስቴቱ ውጭ ያሉ ምስክሮችን ማስገደድ እንደማይችል ተቀብሎ ያለፈው በግድያ ወንጀል ክስ ውስጥ ነበር፤ የሰው ሕይወት በተያዘበት ክርክር ወሰኑ ካልተጣሰ ለደመወዝ መዝገብ ይጣሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ለመድረስ መንገዱ ካልተጨናነቀ ግማሽ ሰዓት ቢበቃም፣ ወረቀቱ ግን ሁለቱን ስቴቶች የሚለየውን የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገር ኃይሉን ያጣል። ኃይል የሚያገኘው በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ስም እንደገና ሲወጣ ነው።

ይህ መመሪያ በዋናነት የሚከተለው ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ የሚሄደውን መንገድ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረው ሐበሻ በአንዱ ስቴት ቤት ተከራይቶ፣ በሌላው ሥራ ይዞ፣ በዲሲ ደግሞ ንግድ ከፍቶ የሚገኝ በመሆኑ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ሂደቱ በሌሎቹ ስቴቶችም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ የሚለያዩባቸውን ነጥቦች በየቦታው እጠቅሳለሁ። ጽሑፉ የጠበቃን ምክር አይተካም፤ ጠበቃ ሳይዙ የሚከራከሩ ሰዎች ግን አብዛኛውን የመጀመሪያ ሥራ ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ።

ሕጉ የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

የስቴቶችን ሕግ ለማቀራረብ የሚሠራው የወጥ ሕጎች ኮሚሽን በ2007 ስቴት ተሻጋሪ ዲፖዚሽንን (ከችሎት ውጭ በመሐላ የሚሰጥ ቃልን) እና ዲስከቨሪን (ከችሎት በፊት የሚደረግ የማስረጃ ማሰባሰብን) የሚመለከት ሞዴል ሕግ አጸደቀ። ጠበቆች በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደላት «ዩ አይ ዲ ዲ ኤ» እያሉ ይጠሩታል። ሜሪላንድ በ2008፣ ቨርጂኒያ በ2009፣ ዲሲ በ2010 ተቀብለውታል፤ ዛሬ ከጥቂቶች በስተቀር ስቴቶች ሁሉ ገብተውበታል። ከዚያ በፊት አንድ ተከራካሪ ከራሱ ፍርድ ቤት ልዩ የውክልና ደብዳቤ ማስጻፍ፣ በሌላው ስቴት ጠበቃ መቅጠርና አዲስ መዝገብ ማስከፈት ነበረበት፤ ለአንድ የባንክ መግለጫ ይህን ሁሉ የሚችል ሰው ጥቂት ነበር። አዲሱ ሕግ ሥራውን በአብዛኛው ዳኛ ፊት ከመቅረብ ወደ ክለርክ ቢሮ፣ ማለትም ወደ ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሥራ አውርዶታል።

ይሁን እንጂ ሕጉ ወሰን አለው። አንደኛ፣ የሚያገለግለው ለፍትሐ ብሔር ክርክር ነው፤ በወንጀል ጉዳይ ምስክር ከሌላ ስቴት የሚመጣው ዳኞችን በሁለቱም ስቴቶች በሚጠይቅ ሌላ ወጥ ሕግ መሠረት ሲሆን፣ ያ ሕግ የአሁኑን መልክ የያዘው በ1936 ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ ይህ ነው፤ ሕጉ የሚመለከተው ከችሎት በፊት የሚደረገውን የማስረጃ ማሰባሰብ፣ ማለትም በመሐላ ከችሎት ውጭ የሚሰጥን ቃል፣ ሰነድ ማቅረብንና ቦታ ማስመርመርን ነው። የቨርጂኒያ ነዋሪ ክርክሩ በሚሰማበት ዕለት ሮክቪል ችሎት ላይ እንዲቆም አያስገድድም። እንዲህ ያለ ምስክር ካለዎት መፍትሔው ቨርጂኒያ ውስጥ ዲፖዚሽን ወስዶ ቃሉን ለችሎቱ ማቅረብ ነው፤ የሜሪላንድ ሥነ ሥርዓት ደንብ 2-419 ምስክሩ ከስቴቱ ውጭ ሲሆን፣ እንዳይገኝ ያደረጉት እርስዎ ራስዎ ካልሆኑ በስተቀር፣ ይህን ይፈቅዳል።

ሦስተኛ፣ የመነሻው ሰፒና የወጣው ሕጉ «ኮርት ኦፍ ሪከርድ» (ሂደቱን በቋሚ መዝገብ የሚይዝ ፍርድ ቤት) ከሚለው ፍርድ ቤት መሆን አለበት። በሜሪላንድ ሰርኪዩት ኮርት፣ ማለትም ፍቺን የመሰሉ ጉዳዮች በሚታዩበት የካውንቲው ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ላለው ሰው ይህ አያሳስብም። መንገዱ ሲገለበጥ ግን ያሳስባል፦ የቨርጂኒያ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርትና የልጆችና የቤተሰብ ጉዳይ የሚያየው ዲስትሪክት ኮርት በቨርጂኒያ ሕግ ከዚህ ምድብ ውጭ ናቸው። ፌርፋክስ ውስጥ በእነዚህ ፍርድ ቤቶች የልጅ አስተዳደግ ወይም የቀለብ ክርክር ያለውና ማስረጃው ሜሪላንድ ያለበት ሰው ሰፒናውን ከመላኩ በፊት የሜሪላንዱን ክለርክ ይቀበሉ እንደሆነ ቢጠይቅ ከኋላ ከሚመጣ መቃወሚያ ይድናል።

ሁለት ሁኔታዎች ደግሞ ከዚህ ሂደት ጨርሶ ውጭ ናቸው። ክርክሩ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሆነ በፌዴራሉ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ 45 መሠረት ሰፒናው በመላው አገሪቱ ሊደርስ ይችላል፤ ምስክሩን ግን በመሠረቱ ከሚኖርበት ወይም ከሚሠራበት ቦታ ከ100 ማይል በላይ ሊያስኬደው አይችልም። ክርክሩ በዲሲ ሱፔሪየር ኮርት ከሆነ ደግሞ ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ለችሎት የሚወጣ ሰፒና ከዲሲ ውጭም ቢሆን ችሎቱ ከሚደረግበት ቦታ በ25 ማይል ውስጥ እንዲደርስ ይፈቅዳል። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ የዲሲ ተከራካሪ ለችሎት ምስክር የጎረቤት ስቴቶችን ፍርድ ቤት ደጃፍ ማንኳኳት ላያስፈልገው ይችላል።

አንደኛ ደረጃ፦ ያለ ሰፒና ማግኘት ይቻል እንደሆነ መመርመር

ሰፒና የሚያስፈልገው የክርክሩ ተካፋይ ላልሆነ ሰው ነው። ባልየው የባንክ መግለጫውን፣ የታክስ ወረቀቱንና የደመወዝ ደረሰኙን ራሱ እንዲያቀርብ በተራ የሰነድ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፤ ቢከለክል ጉዳዩን የሚያየው የራስዎ ዳኛ ነው፤ ወንዝ መሻገር አያሻም። ራሱ የባንኩ ደንበኛ ስለሆነ የፈቃድ ፎርም እንዲፈርም መጠየቅም ይቻላል። ለታክስ ደግሞ ታክስ ከፋዩ ፈርሞበት ወደ አይአርኤስ የሚላክ 4506-ቲ የተባለ ፎርም አለ፤ ከማንኛውም ሰፒና ይሻላል።

አሠሪው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1951 ቱሂ በተባለው ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ መሥሪያ ቤቶቹ ሠራተኞቻቸው መቼና እንዴት ምስክርነትና ሰነድ እንደሚሰጡ የሚወስን የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ የስቴት ፍርድ ቤት ሰፒና ብቻውን አያስገድዳቸውም። የሚሻለው የመሥሪያ ቤቱን ደንብ ፈልጎ በዚያ መሠረት በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ኤምባሲዎችና እንደ ዓለም ባንክ ያሉ ድርጅቶችም ያለመከሰስ መብት ስላላቸው በዚህ መንገድ አይደረስባቸውም።

የሚፈልጉት ማስረጃ ሳይሆን የልጅ ቀለብ ከደመወዝ እንዲቆረጥ ከሆነም ሰፒና አያስፈልግም። ስለ ስቴት ተሻጋሪ ቀለብ የወጣው ወጥ ሕግ የደመወዝ ቆረጣ ትእዛዝ በቀጥታ ለሌላ ስቴት አሠሪ እንዲላክ ይፈቅዳል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የሜሪላንዱን ሰፒና አጥብቦ መጻፍ

መነሻው የራስዎ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ሰፒና ነው። በሜሪላንድ ደንብ 2-510 መሠረት ክለርኩ ይሰጥዎታል። የቨርጂኒያው ሰፒና የዚህኑ ቃል ገልብጦ የሚይዝ በመሆኑ እዚህ ላይ የተሠራ ስሕተት እዚያ ማዶ ሊታረም አይችልም፤ ወደ ሮክቪል ተመልሶ እንደገና መጀመር ነው።

«ማንኛውንም ሰነድ ሁሉ» ብሎ የሚጠይቅ ሰፒና መቃወሚያ ይጠራል። የሚፈለገው በጊዜና በዓይነት መወሰን አለበት፦ «ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ለእገሌ የተከፈለውን ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓት፣ ቦነስና የጡረታ መዋጮ የሚያሳይ የክፍያ መዝገብ፣ እንዲሁም የየዓመቱን ደብሊው-2» የሚል ዐረፍተ ነገር ለድርጅቱ ሠራተኛ ምን ማተም እንዳለበት ይነግረዋል። የሚጠራው ሰው ስም ካልታወቀ «የድርጅቱ መዝገብ ያዥ» ተብሎ ይጻፋል። የማቅረቢያ ቦታው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ቢቻል ድርጅቱ ባለበት ካውንቲ ይሁን፤ የቨርጂኒያ ድርጅት ሰነድ ተሸክሞ ሮክቪል እንዲመጣ ማዘዝ ለመቃወሚያ በር መክፈት ነው። በኢሜይል ወይም በፖስታ ቢልኩ መቅረብ እንደማያስፈልጋቸው በግልጽ ቢጻፍ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ።

ከሰነዱ ጋር የመዝገብ ያዡ የምስክር ወረቀት አብሮ እንዲላክ በዚሁ ሰፒና ይጠይቁ። ሰነዶቹ በድርጅቱ የዘወትር ሥራ የተያዙ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ አንድ ገጽ ነው። ሜሪላንድ የንግድ መዝገብን በደንብ 5-803 ስትቀበልና በደንብ 5-902 ያለ አካል ምስክር እንዲረጋገጥ ስትፈቅድ መሠረቷ ይኸው ገጽ ነው፤ ያለ እርሱ ሰነዱ እጅዎ ገብቶም ችሎት ላይ ላይነበብ ይችላል።

ቀኑን ሲወስኑ ወደፊት ያርቁት። በሜሪላንድ የዲፖዚሽን ማስታወቂያ ለሌላው ወገን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መድረስ አለበት፤ በዚህ ላይ የፖስታው፣ የቨርጂኒያ ክለርክ ቢሮውና የመጥሪያ አድራሹ ጊዜ ይጨመራል። በእኔ ግምት ዳኛው ለዲስከቨሪ ከወሰነው የመጨረሻ ቀን ሁለት ወር ሲቀር ያልጀመረ ሰው ዘግይቷል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ትክክለኛውን ካውንቲ ማግኘት

ሰፒናው የሚቀርበው ማስረጃው በሚገኝበት ካውንቲ ወይም ከተማ ላለው የሰርኪዩት ኮርት ክለርክ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ወረቀት በብዛት የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያን የመሳሰሉ ከተሞች የየትኛውም ካውንቲ አካል አይደሉም፤ አሌክሳንድሪያ የራሷ ሰርኪዩት ኮርት አላት። ነገር ግን የፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚል እጅግ ብዙ ቤቶችና ድርጅቶች የሚገኙት ከከተማዋ ወሰን ውጭ በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ በሪችመንድ ሀይዌይ ወደ ደቡብ የሚወስደው የ22306 እና የ22309 ዚፕ ኮድ አካባቢ እንዲህ ነው። አድራሻውን አይተው ለአሌክሳንድሪያ ክለርክ የላኩት ሰፒና የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። የፎልስ ቸርች ነገር ደግሞ ይባስ፦ ትንሿ የፎልስ ቸርች ከተማ የራሷ ሰርኪዩት ኮርት ስለሌላት ጉዳይዋ የሚታየው በአርሊንግተን ነው፤ «ፎልስ ቸርች» የሚል አድራሻ ያላቸው ብዙ ሱቆችና ቢሮዎች ግን በፌርፋክስ ካውንቲ ናቸው። የፌርፋክስ ከተማ ጉዳይ በካውንቲው ሰርኪዩት ኮርት ይታያል። መፍትሔው የካውንቲውን የንብረት ግብር ፍለጋ ገጽ ከፍቶ የመንገድ አድራሻውን ማስገባት ነው፤ ቤቱ እዚያ ከተገኘ ካውንቲው ያ ነው።

ድርጅቱ ትልቅ ከሆነና መዝገቡ የትኛው ቢሮ እንዳለ ካልታወቀ የቨርጂኒያ ኮርፖሬሽን ኮሚሽን በኢንተርኔት ባስቀመጠው የድርጅቶች መዝገብ ስሙን ይፈልጉ። ትክክለኛውን ሕጋዊ ስምና መጥሪያ የሚቀበልለትን የተመዘገበ ወኪል እዚያ ያገኛሉ። ሱቁ በር ላይ የተጻፈው ስምና የተመዘገበው ስም ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ ሰፒናው ላይ የሚጻፈው የተመዘገበው ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ ለቨርጂኒያ ክለርክ የሚቀርበው ጥቅል

ጥቅሉ እነዚህን ይይዛል፦ የሜሪላንዱን ሰፒና፣ ተመሳሳይ ቃል ያለውንና ክለርኩ የሚፈርምበትን የቨርጂኒያ ሰፒና ፎርም፣ የሁሉንም ጠበቆችና ጠበቃ የሌለውን ተከራካሪ ስም፣ አድራሻና ስልክ፣ ክፍያውን፣ እንዲሁም ቴምብር የተለጠፈበትን የመመለሻ ፖስታ። ቨርጂኒያ ከዚህ ሌላ በአብዛኞቹ ስቴቶች የሌለ አንድ ወረቀት ትጠይቃለች፤ ሰፒናውን ያወጣው ስቴት ሕግ ለቨርጂኒያ ሰዎች ተመሳሳይ መብት እንደሚሰጥ የሚገልጽ የጽሑፍ መግለጫ ነው። ሜሪላንድ ይህንኑ ወጥ ሕግ ስለተቀበለች መግለጫው ሁለት መስመር ይበቃዋል፤ የሜሪላንድ ሕግ የፍርድ ቤቶች ክፍል ከ9-401 ጀምሮ ያሉትን አንቀጾች መጥቀስ ነው። ይህ ወረቀት ከሌለ ግን ክለርኩ ጥቅሉን እንዳለ ሊመልሰው ይችላል።

በሁለቱ ሰፒናዎች መካከል የቃል ልዩነት አይኑር። ቀኑን አሻሽላለሁ ወይም አንድ ዓይነት ሰነድ እጨምራለሁ ማለት አይቻልም፤ የክለርኩ ሥልጣን የሜሪላንዱን ትእዛዝ ቃል ተከትሎ መስጠት እንጂ አዲስ ትእዛዝ መፍጠር አይደለም።

ከቤት ውስጥ ጥቃት ሸሽተው አድራሻቸውን የደበቁ ሰዎች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ጠበቃ የሌለው ተከራካሪ አድራሻና ስልክ በሰፒናው ላይ ስለሚጻፍ ወረቀቱ በሚያልፍበት ሁሉ ይታያል። የሜሪላንድ ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት «ሴፍ አት ሆም» በተባለው ፕሮግራም ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ምትክ አድራሻ ይሰጣል፤ ሰፒናው ከመጻፉ በፊት እዚያ መመዝገብ ይሻላል።

ሰፒና እንዲወጣ ክለርኩን መጠየቅ በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት እንደ መቅረብ አይቆጠርም። ስለዚህ የሜሪላንድ ጠበቃዎ በቨርጂኒያ ፈቃድ ባይኖረውም ይህን ደረጃ ሊሠራው ይችላል፤ ጠበቃ የሌለው ሰውም ራሱ ያቀርባል። ከመላክዎ በፊት ለክለርኩ ቢሮ ደውለው የክፍያውን መጠንና የሚቀበሉትን የክፍያ ዓይነት ይጠይቁ፤ በግል ቼክ ምክንያት የሚመለስ ጥቅል አለ።

አምስተኛ ደረጃ፦ ማድረስ

ክለርኩ ፈርሞ የመለሰው ሰፒና በቨርጂኒያ ሕግ መሠረት ለተጠራው ሰው መድረስ አለበት። የሚያደርሰው የአካባቢው ሸሪፍ ወይም ዕድሜው 18 የሞላው፣ ተከራካሪ ያልሆነና በጉዳዩ ጥቅም የሌለው ሰው ነው። እርስዎ ራስዎ አያድርሱት። ወንድምዎ ወይም አብሮ አደግዎ ቢያደርሰውም ክርክር ሊያስነሳ ስለሚችል በሥራው የታወቀ መጥሪያ አድራሽ ቢቀጥሩ ይመረጣል። ያደረሰው ሰው መቼ፣ የት፣ ለማን እንደሰጠ ጽፎ ይምላል፤ ይህችን ወረቀት እንደ ዓይን ብሌን ይጠብቋት፤ በኋላ ማስፈጸሚያው የሚቆመው በእርሷ ላይ ነው። የሰፒናው ቅጂ ለሌላው ወገን ወይም ለጠበቃው በዚያው ጊዜ መላክ አለበት።

ልዩ ጥበቃ ያላቸው ሰነዶች

የሕክምና መዝገብ እንደ ደመወዝ መዝገብ አይጠየቅም። የሕክምና መረጃን ምስጢር የሚጠብቀውና ሂፓ የሚባለው የፌዴራል ሕግ ታካሚው እንዲያውቅ መደረጉን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ ቨርጂኒያም ለታካሚው ወይም ለጠበቃው አስቀድሞ ማስታወቂያ እንዲሰጥ፣ የማቅረቢያው ቀንም ከ15 ቀን በታች እንዳይሆን ታዝዛለች። ታካሚው ፈቃዱን የሚሰጥ ከሆነ ፊርማው ይበቃል፤ ከሰፒናም ይፈጥናል።

የስልክ መልእክት፣ ኢሜይልና የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍን በተመለከተ ተስፋ አይጣልበት። በ1986 የወጣው የተከማቹ መልእክቶች ሕግ አገልግሎት ሰጪ ኩባንያዎች የመልእክትን ይዘት በፍትሐ ብሔር ሰፒና እንዳይሰጡ ይከለክላል። መልእክቱን ማግኘት የሚቻለው ከላከው ወይም ከተቀበለው ሰው፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ከራሱ ከተከራካሪው ነው፤ እርሱን ደግሞ በሰነድ ጥያቄ ይደርሱበታል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ድርጅቱ ዝም ሲል ወይም ሲቃወም

ዝምታ ሁልጊዜ እምቢታ አይደለም። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ አንድ የሰው ኃይል ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ቀኑ ባለፈ በማግሥቱ ደውሎ የሚመለከተውን ሰው ስም መያዝ፣ የተነጋገሩትን በዚያው ቀን በኢሜይል ማረጋገጥና አዲስ ቀን መስጠት ያዋጣል። ሰነዱ ብዙ ነው፣ ወጪ አለው ካሉ ጥያቄውን ማጥበብ ወይም የኮፒውን ዋጋ ለመክፈል መስማማት ከወር ክርክር ይሻላል። ይህ መነጋገርና መጻጻፍ ለጨዋነት ሲባል ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ዳኛው ፊት ሲቀርቡ በመጀመሪያ የሚጠየቁት ለመስማማት ምን እንደሞከሩ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ የማስገደጃ አቤቱታ ይቀርባል። የሚቀርበውም ሰፒናውን ለሰጠው የቨርጂኒያ ሰርኪዩት ኮርት እንጂ ለሮክቪሉ ዳኛ አይደለም። የሜሪላንድ ዳኛ ጉዳዩን ከማንም በላይ ቢያውቀውም የቨርጂኒያን ድርጅት መቅጣት አይችልም። በተቃራኒውም ድርጅቱ ሰፒናው ይሰረዝልኝ፣ ይጥበብልኝ ወይም ሰነዱ በምስጢር ይያዝልኝ ቢል የሚሄደው ወደዚያው ቨርጂኒያ ነው፤ የሚሠራውም የቨርጂኒያ ሕግ ነው። የሞዴል ሕጉ አርቃቂዎች ይህን ያደረጉት አንድ ስቴት በሩቅ ክርክር የሚጠሩ ነዋሪዎቹን ከአላስፈላጊ ጫናና ወጪ የመጠበቅ ጥቅም አለው ብለው ነው። ተከራካሪዎች ቢማረሩበትም አመክንዮው ያስኬዳል፤ ነገ እርስዎም በማያውቁት የሰዎች ክርክር ሰነድ አምጡ የሚባሉ ጎረቤት ሊሆኑ ይችላሉ።

አቤቱታው አጭር ይሁን። የሜሪላንዱ መዝገብ ቁጥርና ክርክሩ ምን እንደሆነ፣ ሰፒናው መቼ ወጥቶ መቼ እንደደረሰ፣ የማቅረቢያው ቀን መቼ እንዳለፈ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተጻጻፉ በቅደም ተከተል ይጻፍ፤ ሁለቱ ሰፒናዎች፣ የማድረሻው መሐላና ኢሜይሎቹ ይያያዙ። የፍቺውን ታሪክ፣ ማን ማንን እንደበደለ እዚህ መተረክ አይጠቅምም፤ የቨርጂኒያው ዳኛ የሚወስነው ስለዚህ ሰነድ ብቻ ነው። ሰነዱ በሜሪላንዱ ክርክር ለምን እንደሚያስፈልግ ግን በሁለት ዐረፍተ ነገር ይንገሩት። በፌርፋክስ እንዲህ ያሉ አቤቱታዎች በተለምዶ የሚሰሙት ዓርብ ዓርብ ስለሆነ ቀጠሮው ሲያዝ የዲስከቨሪው ማብቂያ እንዳያልፍ ይሰላ፤ የሚያልፍ ከመሰለ በዚያው ሳምንት ለሜሪላንዱ ዳኛ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠየቅ።

እዚህ ደረጃ ላይ ፍርድ ቤት መቅረብ ስላለ የሜሪላንድ ጠበቃዎ ብቻውን አይበቃም፤ በቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያስፈልጋል፤ ወይም እርስዎ ራስዎ ስለራስዎ ይቀርባሉ። ዘመድ ወይም አስተርጓሚ በእርስዎ ፈንታ ሊከራከር አይችልም። ዳኛው አቤቱታውን ከተቀበለ በተወሰነ ቀን እንዲቀርብ ያዝዛል። ያን ትእዛዝ የጣሰ ድርጅት ወይም ሰው ፍርድ ቤት በመድፈር ሊቀጣ፣ ወጪም እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል። በተግባር ግን ብዙዎቹ ሰነዱን የሚልኩት የቀጠሮው ማስታወቂያ በደረሳቸው ሳምንት ነው፤ ስለዚህ አቤቱታውን ካስገቡ በኋላ ስልክ መደወልዎን አይተዉ።

ሰነዱ ሲደርስ

መጀመሪያ የመዝገብ ያዡን የምስክር ወረቀት ይፈልጉ፤ ከሌለ በዚያው ቀን ይጠይቁ። ከዚያ የገጾቹን ተከታታይነት ይመልከቱ፤ የባንክ መግለጫ «ገጽ 1 ከ6» ብሎ አራት ገጽ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ቅጂውን ለሌላው ወገን ይላኩ፤ በምስክር ወረቀቱ ለመጠቀም ማሰብዎንም ከችሎቱ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ። የሶሻል ሴኩሪቲና የሒሳብ ቁጥሮች ወደ ፍርድ ቤት መዝገብ ከመግባታቸው በፊት መሸፈን አለባቸው።

ማስረጃው ከቨርጂኒያ ርቆ ሲገኝ

በማኅበረሰባችን የቤተሰብና የንግድ ክርክሮች የሚፈለጉ መዝገቦች ብዙ ጊዜ ሩቅ ናቸው፦ የኡበር ዋና መሥሪያ ቤት ሳን ፍራንሲስኮ፣ የዌስተርን ዩኒየን ዴንቨር፣ የመኒግራም ዳላስ ነው። ድርጅቱ በሜሪላንድም የተመዘገበ ወኪል ካለው መጀመሪያ ለሕግ ክፍሉ ጽፎ የሜሪላንዱን ሰፒና በፈቃዱ ይቀበል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ወኪል መኖሩ ብቻ ግን በሌላ ስቴት ያለን መዝገብ ለማስገደድ በቂ ነው ማለት አይደለም። ካሊፎርኒያ ሥራውን በፎርም አደራጅታዋለች፤ ማመልከቻው ሰብፕ-030 (SUBP-030)፣ የንግድ መዝገብ ሰፒናው ሰብፕ-035 (SUBP-035) ይባላል፤ በካሊፎርኒያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ከቀጠሩም ክለርክ ሳይጠብቅ ራሱ ሊያወጣው ይችላል። በኒው ዮርክም እንዲሁ ነው። በካሊፎርኒያ የንግድ መዝገብ የሚቀርብበት ቀን ሰፒናው በወጣ በ20 ቀን ወይም በደረሰ በ15 ቀን፣ ከሁለቱ ከሚዘገየው በፊት ሊሆን አይችልም፤ የአንድን ግለሰብ የባንክ ወይም የሥራ መዝገብ ከሆነ የሚጠይቁት ለዚያ ሰው አስቀድሞ ማስታወቂያ መስጠትም ግዴታ ነው። ወጥ ሕጉን ባልተቀበለ ስቴት የድሮው መንገድ ይሠራል፤ ለረጅም ጊዜ ከሕጉ ውጭ በቆየችው በማሳቹሴትስ ለምሳሌ ለስቴቱ ፍርድ ቤት በቀጥታ አመልክቶ ነዋሪው እንዲመሰክር ወይም ሰነድ እንዲያቀርብ ማስወሰን ይቻላል።

ምስክሩ ወይም ሰነዱ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ይህ ሕግ አይረዳም፤ የሚያገናኘው የአሜሪካን ስቴቶችና ግዛቶች እርስ በርስ ነው። ኢትዮጵያ ከ1970ው የሄግ የማስረጃ ስምምነት ውስጥ ስለሌለች የሜሪላንዱ ዳኛ የፍርድ ቤት የትብብር ደብዳቤ ጽፎ በዲፕሎማሲ መንገድ እንዲላክ መጠየቅ ይቀራል፤ ጊዜው ረጅም ስለሆነ ምስክሩ በፈቃዱ በቪዲዮ ቃሉን የሚሰጥበትን መንገድ ቀድሞ መሞከር ይሻላል። በተቃራኒው ክርክሩ አዲስ አበባ ሆኖ ማስረጃው አሜሪካ ውስጥ ላለ ሰው በር አለ። የፌዴራሉ ሕግ ርዕስ 28 አንቀጽ 1782 በውጭ አገር ፍርድ ቤት ክርክር ላይ ፍላጎት ያለው ሰው ማስረጃው ያለው ሰው በሚኖርበት ወይም በሚገኝበት አካባቢ ላለው የፌዴራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ማስረጃውን የያዘው ለምሳሌ በፌርፋክስ ያለ ድርጅት ከሆነ ማመልከቻው የሚገባው ለሰርኪዩት ኮርት ክለርክ ሳይሆን አሌክሳንድሪያ ለሚያስችለው የምሥራቅ ቨርጂኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ ከማመልከቻው ጋርም የአዲስ አበባው መዝገብ ቁጥር፣ የክሱ የእንግሊዝኛ ትርጉምና ሰነዱ ለየትኛው ጭብጥ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ቃለ መሐላ ይያያዛል።